እናቴ ለገብርኤል ልትመጣ ነው፣ እኛ ደግሞ ሳንጋባ አብረን ነው የምንኖረው (ሀዋሳ)

ዝምተኛዋ_ከአቶቴ
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ አቶቴ፣ 27 ዓመቴ ነው፣ ስራ አለኝ፣ ከፍቅረኛዬ ጋር አንድ ቤት መኖር ከጀመርን ሶስት ዓመት ሊሞላን ነው። ሽማግሌ አልተላከም ቀለበት አልታሰረም ምንም የለም። ቤት ስንፈልግ ደላላው ራሱ ነው "ባልና ሚስት ነን በሉ፣ ሴትየዋ ላጤ አታስገባም" ያለን፣ እኛም አልን። ከዛ መናኸሪያ አካባቢ ከሚሸጡት አንድ ቀለበት ገዝቼ አጠለቅኩ፣ እጄን በታጠብኩ ቁጥር ጣቴን አረንጓዴ ያደርገዋል ግን አከራይዋ "የኔ ሙሽሪት" ስትለኝ ደስ ይላታል ምን ላድርግ።

እናቴ ዲላ ናት። ታህሳስ 19 ለገብርኤል ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም፣ የምታርፈው ደግሞ ሁሌ አክስቴ ጋ ነበር። ዘንድሮ አክስቴ ልጇን ልታርስ አዲስ አበባ ሄደች፣ እና እማዬ ትናንት ደውላ "ያንቺው ቤት አድራለሁ" አለችኝ። ባለፈው እህቴ ድንገት መጣሁ ስትለኝ የሱን ጫማ፣ መላጫ፣ ያንን ትልቅ ጃኬት ማዳበሪያ ውስጥ ከትተን ጎረቤት አስቀመጥን፣ ሁሉን አሰብን ብለን ሁለተኛው የጥርስ ብሩሽ ተረሳ። "አንዱ የጫማ ነው" አልኳት። እናቴ ግን እንደዛ አትሸወድም።

ሌላው ችግር እሱ ፕሮቴስታንት ነው እኔ ኦርቶዶክስ። እነሱ ቤት "ልጃችን ሊጠመቅ ነው ወይ"፣ እኛ ቤት "ልጃችን ልትለወጥ ነው ወይ"፣ ስለዚህ ወሬው ሳይነሳ ሶስት ዓመት ሆነው። ልንገራት? ወይስ ለሁለት ሶስት ቀን ጓደኛው ጋ ልላከው?

ባጫ_ቀልደኛው
እኔ ጋ ላኪው ፕሌይስቴሽን አለ 😂 ብሩሹን ይዞ ይምጣ በቃ

የማርያም_ልጅ
እህቴ አትቀየሚኝ ግን ያንቺ ችግር እናትሽ የት ታድራለች አይደለም፣ አንቺ የት ነው እያደርሽ ያለሽው ነው። በአንድ ጣራ ስር ያለ ጋብቻ መኖር በኛ ሃይማኖት ስሙ የታወቀ ነው፣ ዘመኑ ነው ተብሎ ስሙ አይቀየርም። የንስሐ አባት ካለሽ ሂጂና ንገሪያቸው። ተክሊል ለደናግል ነው እሱ አልፎሻል፣ ግን በሩ አልተዘጋም፣ ንስሐ ገብቶ በቁርባን መጋባት አለ። እሱ ደግሞ ካልተጠመቀ እሱም የለም፣ ይሄን ሶስት ዓመት ሳትጠይቂ መኖርሽ ነው የገረመኝ። ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት በክብር ወጥታ ባሏ ቤት ነበር የምትገባው፣ አሁን ግን ሁሉም ነገር ከቲክቶክ ነው የሚቀዳው።

የፒያሳው_አንባቢ
@የማርያም_ልጅ ስለ ሃይማኖቱ አልከራከርህም፣ እሱን አንተ ታውቃለህ። "ድሮ እንዲህ አልነበረም" የሚለው ላይ ግን ልቁም። የቱ ድሮ? በቁርባን የሚጋባው ድሮ በብዛት ቄስና ዲያቆን፣ ወይ ደግሞ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሽማግሌ ከአሮጊቱ ጋር ነበር፣ ምክንያቱም ቁርባን ፍቺ የለውም ሰው ይፈራዋል። ሌላው ሕዝብ በሰማንያ ነው የኖረው፣ በሽማግሌና በዋስ፣ ሲጣላም ንብረት ተካፍሎ ይፋታል። ከዛ ደግሞ የደሞዝ ሚስት የሚባል ነበር፣ ነጋዴው ወይ ወታደሩ በሄደበት አገር ለጊዜው በደሞዝ ተስማምቶ ሚስት ይይዛል፣ ሲሄድ ያበቃል። ውሽማማ አልጠቅስም። አያቶቻችን መላእክት አልነበሩም ወንድሜ፣ ልዩነቱ ለሁሉም ነገር ስምና ውል ነበራቸው፣ የደሞዟ ሚስት እንኳን ደሞዟ ስንት እንደሆነ ታውቃለች። የአሁኑ ነው ስም የሌለው።

ሌላው ሰው የሚረሳው እድሜው ነው። በ2008ቱ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ግማሽ ያህሉ 17 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው አግብተው ነበር። በ17 ያገባች ሴት "ከጋብቻ በፊት" የሚባል እድሜ መች አላት? አሁን ልጅቷ ዩኒቨርስቲ ጨርሳ ስራ ፈልጋ ቤት ኪራይ ከፍላ ሰላሳ ሊሞላት ነው፣ ያንን ሁሉ ዓመት አያቷ በሶስት ወር ያለፈችውን ፆም ፁሚ ነው የምትባለው። እና ሰርግ ላይ ስለ ብር አምባሩ ሲዘፈን ሁሉም ያጨበጭባል፣ ሙሽሮቹ አራት ዓመት አብረው እንደኖሩ አዳራሹ ግማሽ ያውቃል፣ ዲጄውም ያውቃል።

ዳቶ_ሺፍት_ቢ
እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነበርኩ። ፓርኩ በ2008 ተመረቀ፣ እኔ ትንሽ ቆይቼ ነው ከወላይታ የመጣሁት። ዳቶ አንድ ክፍል ለአምስት ሴት እንከራያለን፣ ሁለት ፍራሽ መሬት ላይ፣ የቀን ሺፍት ስትነሳ የማታዋ ትተኛለች፣ ፍራሹ አይቀዘቅዝም ነበር። ደሞዙ ኪራይና ሽሮ ነው። እና አንዷ ልጅ ባጃጅ ከሚነዳ ልጅ ጋር ገባች፣ ቀጥሎ ሌላዋ ገባች፣ እውነቱን ልንገራችሁ ፍቅርም አለው ግን ኪራይም ነው፣ የማታ ሺፍት ስትወጪ መንገድ ላይ የሚቀበልሽ ሰውም ነው። ቤተሰብ ጋ ሲደወል "ከሴቶች ጋር ነኝ" ነው የሚባለው። በ2014 አጎዋ (አሜሪካ ያለ ቀረጥ የምንልክበት እድል) ቀርቶ ብዙ ሰው ሲቀነስ ከነዚህ ልጆች አንዳንዷ ልጅ ታቅፋ ነው አገሯ የተመለሰችው፣ ልጁስ የት አለ? ስልኩ አይሰራም። ስለዚህ ቲክቶክ ምናምን አትበሉን፣ እኛ ቲክቶክ ማያ ፓኬጅም አልነበረንም።

የአራት_ልጆች_እናት
የኔ ልጅ፣ እኔ በእናትሽ እድሜ ነው የምሆነው። የተዳርኩት በ15 ዓመቴ ነው፣ ልጁን ያየሁት በሰርጉ ቀን ነው፣ ማንም የጠየቀኝ የለም። ደህና ሰው ወጣልኝ ነፍሱን ይማረው፣ ታላቅ እህቴ ግን ደህና አልወጣላትም፣ ሁለታችንም "በክብር" ነበር የወጣነው። ስለዚህ ልጆቼን ሳሳድግ ቀድማችሁ ተዋወቁ ነው ያልኩት፣ ተዋወቁ ስል አብራችሁ ግቡ ማለቴ አልነበረም ግን ሁለተኛዋ እንደዛ ነው የተረዳችው ይመስለኛል። ምን ታደርጊዋለሽ፣ አውቄ እንዳላወቀ ሆኜ ቡና ስጠጣ ነው የምውለው እሷ ቤት ስሄድ።

ለእናትሽ ንገሪያት፣ ግን ደጃፍ ላይ አይደለም፣ ቀድመሽ በስልክ። በበዓል ቀን ከቤተክርስቲያን የመጣችን ሴት ጓዳ ገብታ የወንድ ካልሲ ስታገኝ አታሳቂያት። እና ደግሞ ያን ሁሉ ስትጽፊ አንድ ነገር አላየሁም፤ ልጁ ምን ይላል? ሽማግሌ እልካለሁ ይላል? አንቺ ነሽ የምትጨነቂው፣ አንቺ ነሽ ቀለበት የገዛሽው፣ እሱስ?

ዝምተኛዋ_ከአቶቴ
እትዬ አመሰግናለሁ፣ ሳነበው ትንሽ አለቀስኩ። እሱ ጥሩ ልጅ ነው እውነት፣ ቀድሞኝ ቤት ከገባ ሻይ አፍልቶ ነው የሚጠብቀኝ። ስለ ጋብቻ ሲነሳ ግን "ትንሽ እንቆይ፣ ባጃጇ ትንሽ ትስራ፣ ሰርግ በባዶ እጅ አይሆንም" ነው። ቤተሰቦቹ ሰርግ ሲሉ ደግሞ አዳራሽ፣ መልስ፣ ቅልቅል፣ ዲኮር፣ ሀይቅ ዳር ፎቶ፣ ድሮን፣ ደምረው ግማሽ ሚሊዮን አድርሰውታል፣ ያን ብር ከየት እናምጣ። ባጃጇን የገዛነው አምና ነው፣ የኔ እቁብ ወጥቶልኝ ነበር እሱ ላይ እሱ የቆጠበውን ጨመረበት።

ህግ_ነክ
ባጃጇ በማን ስም ናት?

ዝምተኛዋ_ከአቶቴ
በሱ። መንጃ ፈቃድ ያለው እሱ ስለሆነ ሊብሬው በሱ ወጣ። ለምን?

ህግ_ነክ
ጠበቃ ነኝ። እስካሁን ስለ ኃጢአትና ስለ ጥርስ ብሩሽ ስትከራከሩ ነበር እኔ ሌላውን ልንገርሽ። ለሊብሬ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ንብረት የሌላ መንዳት የሌላ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 213/1992) ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን ያውቀዋል። አንቀጽ 102 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ግንኙነቱ ከሶስት ዓመት ካላነሰ በዛ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው። ልጅ ከተወለደም አብሯት የሚኖረው ሰው አባት ተብሎ ይገመታል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ግንኙነት ስለነበረን ብቻ አይበቃም፣ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ 213 የፌደራል ነው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሰራው፣ ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ህግ አላቸው፣ ስለዚህ እዚያው ሀዋሳ ያለ ጠበቃ አማክሪ፣ በኔ ኮሜንት ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ።

ሶስት ዓመቱ ሳይሞላ ብትለያዩ ደግሞ ብሩን እንዳዋጣሽ ራስሽ ነሽ የምታስረጂው። እቁቡን የተቀበልሽበት፣ ለሱ ያስተላለፍሽበት የባንክ ወይ የቴሌብር ወረቀት አለሽ? ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛሬ ተስማምታችሁ ሳለ ሁለት ገጽ ውል መጻፍ ነው።

እና አንድ የሚያስቅ ነገር፣ አከራይሽ "ባልና ሚስት ናቸው" ብላ የምታምነው ውሸት ፍርድ ቤት ስትሄጂ ዋነኛ ምስክርሽ ልትሆን ትችላለች 😅

ኪያር_ኪያ
ጀመረ እንግዲህ። ሰው ፍቅር ሲጠይቅ እናንተ ሊብሬ። ከአንድ ማዕድ እየበላሁ ውል ፈርሚልኝ ብትለኝ እኔ በዛው ቀን ነው የምወጣው፣ ይሄ ነው ዘንድሮ ትዳር ያጠፋው።

ዳቶ_ሺፍት_ቢ
@ኪያር_ኪያ አንተማ ውል ሳይኖርም ነው የምትወጣው

ኪያር_ኪያ
ሃሃ እሺ ተቀበልኩ። ግን እውነቴን ነው፣ ወንዱም እኮ ይጎዳል፣ እኔ የማውቀው ልጅ ሶስት ዓመት ኪራይ ከፍሎ እሷ በፕሮሰስ ካናዳ ሄደች።

ህግ_ነክ
ስለዚህ እሱም ውል ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ሲስተር_ጤና_ጣቢያ
ማንም አልጠየቀም እኔ ልጠይቅ፣ ነርስ ነኝና አትፈሩኝ። ሁለታችሁም ኤችአይቪ ተመርምራችኋል? ለጋብቻ ሲሆን አብዛኛው ቤተ እምነት የምርመራ ወረቀት አምጡ ስለሚል ሰው ይመረመራል፣ ሳይጋቡ የሚኖሩት ግን ወረቀት የሚጠይቃቸው ስለሌለ ዝም ይላሉ። አንዴ ተመርምሮ ደግሞ ከሶስት ወር በኋላ መድገም ነው።

መከላከያውንም ጤና ጣቢያ በነጻ ታገኛላችሁ፣ ፒል አለ፣ በየሶስት ወሩ መርፌ አለ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው የሶስትና የአምስት ዓመት አለ። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ጤና ጣቢያ የሚያውቀኝ ሰው ያየኛል ብለው ማታ ማታ ፋርማሲ ሄደው "ለእህቴ ነው" እያሉ ፖስትፒል እንደ ከረሜላ መግዛታቸው ነው። እሱ ለድንገተኛ ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በየሳምንቱ የሚዋጥ አይደለም፣ ከበሽታም አያድንም። ፋርማሲስቱ እህት እንደሌለሽ ያውቃል የኔ እህት፣ ሁላችንም እናውቃለን።

አዳማ_በር
ከአዳማ ነኝ ሙስሊም ነኝ፣ ቅናት እንዳይመስልባችሁ ግን እኛ ጋ ይሄ ነገር ቀለል ይላል፣ ወሊይ (የሴቷ ወኪል) አለ ምስክር አለ መህር (ለሙሽራዋ የሚሰጥ ስጦታ) አለ ኒካ ይታሰራል በቃ ሃላል ነው፣ ድግሱ ሲመቻች ይደርሳል። ቀለል ይላል ስል በወረቀት ነው ለነገሩ። እኔ ራሴ ኒካ አስሬ ሚስቴ እናቷ ቤት ናት፣ ምክንያቱም ሰርግ ሳይደገስ ልጃችን አትወጣም አሉ፣ ሰርጉ ደግሞ አባቷ ያሰቡት ሰርግ ነው እንጂ ነቢዩ ያዘዙት አይደለም። ስለዚህ ሚስቴን ካፌ ቀጥሬ ነው የማገኛት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ማኪያቶ፣ ሳቁብኝ።

ባጫ_ቀልደኛው
አንዱ ሳያገባ አብሮ ይኖራል አንዱ አግብቶ ካፌ ይቀጣጠራል፣ አገሬ 😂😂

የቀድሞ_ኳየር
የልጁ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ከዛ ወገን ልጻፍ። ለመጋባት ስትሄዱ መጀመሪያ የጋብቻ ትምህርት ትወስዳላችሁ፣ ከዛ ስማችሁ በጉባኤ ፊት ይነገራል ተቃውሞ ያለው ካለ ይምጣ ተብሎ። እዛ ላይ ነው የኛ ነገር የወጣው፣ አንድ ሰው አብረው ይኖራሉ ብሎ ሄደ። ሁለታችንም ከአገልግሎት ታገድን፣ ስህተት ነው አላልኩም ደንቡን እያወቅኩ ነው የገባሁት። የቆጨኝ ግን ባለቤቴ ጊታር ስለሚመታና ሌላ ሰው ስለሌለ በወሩ መድረክ ላይ ነበር፣ እኔን ግን ለወራት ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ሴቶቹ ሰላም ሲሉኝ እጄን ሳይሆን ሆዴን ነበር የሚያዩት። አብረን ነው እኮ የኖርነው። ለዚህ ነው ለእህቴ የምላት፣ ሲወጣ ባንቺ ላይ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ መቼና እንዴት እንደሚወጣ ራስሽ ወስኚ።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ማዘጋጃ መፈራረም አለ፣ ማንም ማንንም ሳያጠምቅ። እኔ የማውቃቸው ሁለት ጥንዶች እንደዛ ነው ያደረጉት፣ አንዱ ቤት ታርቋል አንደኛው ቤት እስካሁን አይጠያየቁም።

ህግ_ነክ
ልክ ናት። በፌደራሉ ህግ ለክብር መዝገብ ሹም ከአንድ ወር በፊት ታሳውቃላችሁ፣ ከየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር፣ አበቃ። የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም፣ 18 ዓመት መሙላትና የሁለታችሁ ፈቃድ ነው የሚጠየቀው። በድሮው የፍትሐብሔር ህግ (1952) ለሴት 15 ነበር፣ የእትዬ ታሪክ በእድሜ በኩል በዛን ጊዜ ህጋዊ ነበር ማለት ነው።

የማርያም_ልጅ
ማዘጋጃ ተፈራረሙ ማለት እግዚአብሔር ፊት ተጋቡ ማለት አይደለም፣ ይሄን ሳልል ማለፍ አልችልም። ግን ስለ ባጃጇ የተባለው እውነት ነው፣ የእህቴ ባል ሲለያት አንድ ማንኪያ አልሰጣትም። ውሉን ጻፊ።

የአራት_ልጆች_እናት
እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ አሁን ገና አንድ ቁምነገር አወራህ።

ዝምተኛዋ_ከአቶቴ
ገብርኤል አለፈ፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ጠይቆኛል ልንገራችሁ።

በዋዜማው ሳይሆን ቀደም ብዬ ደወልኩላት እትዬ እንዳሉት። ነገርኳት። ዝም አለች፣ ኔትወርክ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ ሃሎ" ስል "አለሁ" አለች። ከዛ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ "ሃይማኖቱስ?"። አብረን መኖራችን፣ ሶስት ዓመት መዋሸቴ፣ አንዱንም አላነሳችም፣ ሃይማኖቱስ። ስነግራት ማልቀስ ጀመረች ለሱ ነው ያለቀሰችው። በመጨረሻ "ለአባትሽ እኔ ነኝ የምነግረው፣ አንቺ አፍሽን ዝጊ" ብላ ዘጋችው።

ግን መጣች። እሱ መናኸሪያ ሄዶ ተቀበላት፣ ሻንጣዋን ይዞ፣ እሷ አልተቆጣችም አልሳቀችም፣ በባጃጇ አመጣት። ማታ ጓደኛው ጋ ነው ያደረው፣ ሽማግሌ ሳይመጣ በአንድ ጣራ ስር አላድርም ብላ። ጠዋት ከቤተክርስቲያን ስንመለስ አከራይዋ በር ላይ አገኘቻትና "ልጅሽ እኮ እንዴት ያለች ባለትዳር መሰለችሽ" አለቻት። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ "አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ከዛ ውስጥ ገብታ ጣቴን አይታ "ይሄን ቆርቆሮ አውልቂው፣ እጅሽን ይመርዘዋል" አለችኝ።

የባጃጇን ለሱ ነገርኩት። ሁለት ቀን አኮረፈ፣ "አታምኚኝም ማለት ነው" ምናምን። አሁን እንጽፋለን ብሏል፣ ከጥምቀት በኋላ።

ዳቶ_ሺፍት_ቢ
ለምን ከጥምቀት በኋላ? እስክሪብቶ በበዓል አይሰራም?

የቀድሞ_ኳየር
ጥያቄውን እኔም ልደግመው። ሽማግሌስ?

ዝምተኛዋ_ከአቶቴ
ሽማግሌ እልካለሁ ብሏል እናቴ ፊት። ቀኑን አልተናገረም። እያየሁት ነው።

ባለ_ሁለት_ክፍል
ይቅርታ ክሩን ለመጥለፍ ሳይሆን @ህግ_ነክ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ እኔም ያው እንደሷ ነኝ፣ ታቦር ነኝ። ኪራዩን እኔ ነኝ የምከፍለው፣ እቃውን ደግሞ፣ ፍሪጅ ሶፋ ቲቪ፣ እሱ ነው የገዛው። ብንለያይ የኔ ብር ተበልቶ የሱ እቃ ተርፎ ይቀራል ማለት ነው? ደረሰኝም ያለው በሱ ስም ነው።

ህግ_ነክ
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ አንዱ የሚያልቀውን ይከፍላል ሌላው የሚቀረውን ይገዛል። ስንት ዓመት አብራችሁ እንደኖራችሁ ሳትነግሪኝ እርግጠኛውን አልነግርሽም፣ ሶስት ዓመት ከሞላ በማን ስም ደረሰኝ ተቆረጠ የሚለው ብቻውን አይወስነውም። ካልሞላ ግን የኪራይ ውሉን በስምሽ አድርጊ፣ ኪራዩን በእጅ ሳይሆን በባንክ ክፈዪ፣ የከፈልሽበትንም ፕሪንት አድርገሽ ከቤት ውጪ ሌላ ሰው ጋ አስቀምጪ።

ባለ_ሁለት_ክፍል
አከራዬ በባንክ አልቀበልም ካለስ? ግብር ይፈራል።

ህግ_ነክ
እንግዲያው ደብተር አድርጊና በየወሩ አስፈርሚው።